ውሻና ድመት ፀጉር ሲጥሉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታችን ውስጥ ሁለት እንስሳት አሉ። ቡቺ ከጀርመን ሸፐርድና ከሀገር ውሻ የተዳቀለ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ውሻ ነው። ውሮ ደግሞ በአንድ የሐምሌ ዝናብ ከግቢው ቆርቆሮ ሥር እየጮኸች ያገኘናት ነጭና ግራጫ ድመት ናት። ስለ ፀጉራቸው ያልጠየቀኝ ጎረቤትና ዘመድ የለም። አንዱ «ታሞ ነው እንዴ?» ይላል፤ ሌላዋ «ልጆቹን ታሳምማለች፣ ብታወጧት ይሻላል» ትላለች። ምንም ያላጠፋ እንስሳ በፀጉሩ ምክንያት ብቻ ከቤት ሲባረር ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ የተጠየቅሁትን ሁሉ፣ ከእንስሳት ሐኪሞች የሰማሁትንና በእጄ የሠራሁትን ጨምሬ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ውሻና ድመት ፀጉራቸውን የሚጥሉት ለምንድን ነው?

እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ዕድሜ አለው። ያድጋል፣ ማደጉን ያቆማል፣ ጥቂት ጊዜ እዚያው ተተክሎ ያርፋል፣ ከሥሩ አዲሱ ሲመጣ ይወድቃል። የሰው ፀጉርም እንዲሁ ነው፤ የእኛው ግን አንዱ ሲያድግ ሌላው እያረፈ በየተራ ስለሚሄድ አይታወቀንም። በብዙ ውሾችና ድመቶች ላይ ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ያርፍና በአንድ ጊዜ ይረግፋል።

የወቅቱን መለወጥ ለሰውነታቸው የሚነግረው በዋናነት የቀን ብርሃን ርዝመት ነው፤ ሙቀትና ብርድ ረዳቶች ናቸው። ዓይን የተቀበለው ብርሃን መልእክት አንጎል ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ዕጢ ይደርሳል። ዕጢዋም ሌሊቱ ሲረዝም ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ታበዛለች፣ ሲያጥር ትቀንሳለች። የፀጉር ሥሮች በዚህ እየተመሩ ለብርዱ ወፍራም ልብስ ይለብሳሉ፣ ለሙቀቱ ያወልቃሉ።

ሁሉም እኩል አይጥሉም። ጀርመን ሸፐርድ፣ ሃስኪ፣ ላብራዶርና ፖሜራንያን ድርብ ፀጉር አላቸው፤ ከላይ ጠንከር ያለ፣ ከሥር እንደ ጥጥ የለሰለሰ። በብዛት የሚረግፈው የሥረኛው ነው። ፑድልና ማልቲዝ ፀጉራቸው እንደ ሰው ፀጉር ለረጅም ጊዜ ስለሚያድግ ጥቂት ብቻ ይጥላሉ፤ ካልተቆረጠ ግን ይቋጠራል።

አዲስ አበባ ውስጥም ፀጉር የሚረግፍበት ወቅት አለ?

ከሁሉም በላይ መመለስ የምወድደው ይህን ጥያቄ ነው። ስለ ውሻ ፀጉር የምናነበውና የምናየው አብዛኛው ምክር የተዘጋጀው ከእኛ በጣም ርቀው በሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። በሰኔ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ በታኅሣሥ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዋሽንግተን ላይ ይኸው ልዩነት ከአምስት ሰዓት ያልፋል፤ ስቶክሆልም ላይ ከ12 ሰዓት በላይ ነው። እዚያ ያለ ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ልብሱን እንደሚቀይር ሰው ፀጉሩን ቢያራግፍ የሚገርም አይደለም። እዚህ ያለው ውሻ የሚሰማው የብርሃን ምልክት ግን በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ የእኛ እንስሳት አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ይጥላሉ፤ ድርብ ፀጉር ያላቸው ደግሞ አልፎ አልፎ በርከት አድርገው ያራግፋሉ። ቤት ውስጥ በመብራት የሚያመሹትም የትም ሀገር ቢሆኑ ወቅታቸው ይደበላለቃል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ውሻ ፀጉር በድንገት መርገፍ ቢጀምር «ወቅቱ ነው» ብሎ መተው ለእንስሳው አደጋ አለው። ወቅቱ ከምናስበው ያነሰ ድርሻ ስላለው፣ ከፀጉሩ ይልቅ መጀመሪያ ቆዳውን፣ ቀጥሎ ሳህኑን ማየት ይገባል።

ጤነኛውን መርገፍ ከሕመሙ እንዴት ልለየው?

እንስሳውን ፀሐይ ላይ ያውጡትና ጀርባው ላይ ያለውን ፀጉር በሁለት አውራ ጣትዎ ግራና ቀኝ ይክፈሉት። ቆዳው ንጹሕ ከሆነ፣ ካልቀላ፣ ቅርፊት ከሌለው፣ የሚረግፈውም ከመላው ገላ በእኩል ከሆነና ባዶ ቦታ ካልተወ፣ ጤነኛ መርገፍ ነው። አጭር አዲስ ፀጉር ከሥር ሲበቅል ያያሉ።

ባዶ ቦታ ካለ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ መጥፎ ሽታ ካለው፣ ሌሊት በማከክ የሚያነቃዎት ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። ሁለቱ ጎኖች ላይ እኩል የሚሳሳና ምንም የማያሳክክ ፀጉር ብዙ ጊዜ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው፤ መካከለኛ ዕድሜ ባላቸው ውሾች የእንቅርት ዕጢ መድከም አንዱ ምክንያት ነው። ድመት ሆዷንና የጭኗን ውስጥ ልሳ ልሳ ካራቆተችው ደግሞ ወይ ያሳክካታል፣ ወይ ያማታል፣ ወይ ተጨንቃለች።

ቁንጫ፣ እከክና ጭርት እንዴት ይታወቃሉ?

ለቁንጫ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥበው መሬት ላይ ያንጥፉና እንስሳውን በላዩ ላይ ጥርሱ በጠበበ የቅማል ማበጠሪያ ያበጥሩት። እንደ ቁንዶ በርበሬ ዱቄት ያለ ጥቁር ብናኝ ቢወድቅና ሶፍቱ ላይ ቀይ ቡናማ ሆኖ ቢሟሟ፣ ያ የቁንጫ ዓይነ ምድር ነው፤ የሚቀላው የጠጣው ደም ስለሆነ ነው። ቁንጫውን ራሱን ባያዩትም አለ ማለት ነው።

እከክ በውሻ ላይ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጫፍና ከክርን ይጀምራል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ ማከኩ ዕረፍት አይሰጥም። ጭርት ክብ ባዶ ቦታ ይሠራል፤ ጠርዙ ላይ የተሰባበረ ፀጉርና ፎረፎር የመሰለ ነገር ይታያል። ሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ልጆችዎ ክንድ ላይ ክብ የሚያሳክክ ምልክት ወጥቶ ድመቷም ጆሮዋ አጠገብ ፀጉሯ ከረገፈ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ማሳከም ይገባል፤ አንዱን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው።

ስለ ሕክምናው አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ። ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይትና ለከብት የተሠራ የመዥገር መድኃኒት ውሻና ድመት ላይ አይቀቡ። እንስሳው ራሱን ሲልስ የተቀባውን ሁሉ ይውጠዋል። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም ለድመት አይሆንም፤ በውስጡ ፐርሜትሪን የተባለው ኬሚካል ካለ ድመትን አንቀጥቅጦ ሊገድል ይችላል። ካርቶኑ ላይ «ለድመት» የሚል ካላነበቡ ወይም ሐኪም ካልነገረዎት ይተዉት።

ምን ዓይነት ማበጠሪያ ልግዛ? በምን ያህል ጊዜ ላበጥር?

አጭር ፀጉር ላለው የሀገር ውሻ ጥርሱ ጎማ የሆነ ብሩሽ ወይም የጎማ ጓንት ይበቃዋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ። ድርብ ፀጉር ላለው ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ማበጠሪያ ያስፈልጋል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በብዛት ሲያራግፍ በየቀኑ። ረጅም ፀጉር ላላት የፐርሺያ ድመት በየቀኑ ነው። ጫፉ ስለት ያለውን የፀጉር መሳቢያ መሣሪያ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን አልመክረውም። አጥብቀው ሲጎትቱት ጤነኛውን የላይኛውን ፀጉር ይቆርጣል፣ ቆዳም ይልጣል።

አበጣጠሩ ከመሣሪያው ይበልጣል። ቡቺን ከሰዓት በፊት በረንዳው ላይ፣ ያረጀ ጋቢ አንጥፌ አስተኛዋለሁ። ከጭኑ ጀምሬ ወደ ላይ እሄዳለሁ፤ በግራ እጄ ፀጉሩን ወደ ኋላ እገፋና ቆዳው እስኪታይ አንድ መስመር እከፍታለሁ፣ ከዚያ መስመር ላይ ጥቂት በጥቂት ወደ ታች አበጥራለሁ። ከላይ ከላይ ብቻ ማበጠር የሥረኛውን አይነካውም፤ ብዙ ሰው «በየቀኑ አበጥረዋለሁ፣ ግን መርገፉን አልተወም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ አድርጎ በሚያራግፍበት ጊዜ ከማበጠሪያው እየነቀልሁ ከጎኔ የምከምረው ፀጉር የተነደፈ ባዘቶ ይመስላል። አያቴ በሕይወት ብትኖር እንዝርቷን ታመጣ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ማበጠሪያው ባዶውን ሲመለስ አቆማለሁ፤ ከዚያ በላይ መጎተት ቆዳውን ማሳመም ነው።

የተቋጠረ ፀጉር ካገኙ በመቀስ ሥሩን አይቁረጡ። የድመት ቆዳ ስስ ነው፣ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ይመጣና ይቆረጣል። መጀመሪያ በጣትዎ ይፍቱት፤ እምቢ ካለ በቆዳውና በቋጠሮው መካከል ማበጠሪያ ያስገቡና ከማበጠሪያው በላይ ያለውን ብቻ ይቁረጡ።

ድመቴ መበጠር አትወድም፤ ትቧጭረኛለች። ምን ላድርግ?

በልታ ጠግባ ስትንጠራራ ይጀምሩ። ከጉንጯና ከአገጯ፣ ራሷ ማሻሸት ከምትወድበት ቦታ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ብቻ አስነክተው ይተዉት። ጅራቷን ማወራጨት ወይም ጆሮዋን ወደ ኋላ መለጠፍ ስትጀምር ያቁሙ። ውሮ ሆዷን እንድነካ የፈቀደችልኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በፎጣ ጠቅልሎ በግድ ማበጠር ለአንድ ቀን ይሠራል፤ በማግስቱ ማበጠሪያውን ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች።

ማጠብ መርገፉን ይቀንሳል?

ለውሻ አዎ፣ የሞተው ፀጉር በአንድ ጊዜ እንዲወጣ ያግዛል። ነገር ግን አስቀድመው ያበጥሩት፤ የተቋጠረ ፀጉር ሲረጥብ ይበልጥ ይጠብቃል። ለብ ባለ ውሃ፣ ለውሻ በተሠራ ሻምፖ፣ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ ያጥቡት። የሰው ሻምፖ የተሠራው ለሰው ቆዳ ነው፤ የእኛ ቆዳ ከውሻ ይልቅ አሲድነት አለው። የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ደግሞ የቆዳውን ቅባት ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩም ይብስበታል። በወር አንድ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። በክረምት ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ካጠቡት ፀሐይ ሳትጠልቅ የሥረኛው ፀጉር ጭምር መድረቁን በጣትዎ ያረጋግጡ። ጤነኛ ድመት መታጠብ አያስፈልጋትም።

ብላጨውስ?

ድርብ ፀጉር ያለውን ውሻ አይላጩት። ፀጉሩ ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ይከላከልለታል። ውሻ በገላው እንደ ሰው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ ጥቂትም በመዳፉ ያልበዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ቆዳን ያቃጥላል፣ በተለይ ነጭ ውሻን። በዚያ ላይ የተላጨው ፀጉር ተመልሶ ሲመጣ ዝንጉርጉርና ሸካራ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ወራት ቆይቶም አይበቅልም። መርገፉም አይቀርም፤ የሚረግፈው ፀጉር አጭር ይሆንና ሶፋው ውስጥ እንደ መርፌ ይሰካል። ቁስል ለማከም፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ከመፈታት ያለፈ ቋጠሮ ሲኖር መላጨት ሌላ ጉዳይ ነው። ፑድልና ማልቲዝም መቆረጥ ይገባቸዋል።

ምግብ ከፀጉር መርገፍ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ያገናኘዋል። ፀጉር ማለት ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። የሚበላው ሲጎድል ሰውነት መጀመሪያ የሚቆጥበው ከፀጉርና ከቆዳ ነው፤ ልብና ጉበት ቀድመው ይቀበላሉ።

ይህን የተማርሁት በውሮ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም መገባደጃ ላይ ፀጉሯ ደበዘዘ፣ አንገቷ አካባቢ ሳሳ፣ ሳሎኑ ሁሉ በፀጉሯ ተሞላ። «በጋው አልቆ ወቅት እየተቀየረ ነው» ብዬ ተውኩት። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሟ ቆዳዋን አየች፣ ቁንጫ ፈለገች፣ አጣች። ከዚያ «ቤታችሁ ይጾማል?» አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቤቱ ሁሉ 55 ቀን ሲጾም ድመቷም ሳትወድ አብራ ጾማ ነበር፤ ሳህኗ ላይ የነበረው የሽሮ ፍትፍት ነው።

ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናት፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ሊጠፋና የልቧ ጡንቻ ሊዳከም ይችላል። ፀጉሯ የሚናገረው ከዚያ በፊት ነው። በጾም ወቅት ለእንስሳቱ ለብቻቸው መቀቀል ጾምን አያፈርስም፤ እኛ አንድ ትንሽ ድስት ለይተናል። ሥጋው የተቀቀለበትን ውሃ አይድፉት፣ ታውሪኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ ቀዝቅዞ ከምግቡ ጋር ይሰጥ።

ከወጥ ትራፊ ጋር ያለው ሁለተኛው ችግር ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ድመት ላይ ይብሳል። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ሽሮው ራሱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ድድ መንጣት፣ መድከምና የሽንት መጥቆር ካዩ ቀን አይጠብቁ።

ታዲያ ምን ይሰጥ? ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ፣ ልብ፣ ጨጓራ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ፤ ለውሻ ከሩዝ ወይም ከእንጀራ ጋር ይደባለቃል። የተቀቀለ እንቁላል ለሁለቱም ጥሩ ነው። ጉበት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በትንሹ እንጂ በየቀኑ ለድመት አይሰጥ፤ የቫይታሚን ኤ ብዛት አጥንቷን ይጎዳል። በየቀኑ ማብሰል የሚያስቸግረው ሰው ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ ሙሉ ምግብ ቢገዛ ይሻላል፤ ታውሪኑ ተለክቶ የገባበት ነው። ለውሻ ፀጉር ወዝ የኑግ ዘይት ይረዳል፤ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ለቆዳ የሚያስፈልግ ቅባት በብዛት አለው። ለመካከለኛ ውሻ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ በምግቡ ላይ ይበቃል፣ ሲበዛ ያስቀምጠዋል። ለድመት የእንስሳት ስብና ዓሣ እንጂ የአትክልት ዘይት ብቻውን አይበቃትም።

ሳንባና ጉበት ጥሬውን ፈጽሞ አይስጡ። በውስጡ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊኖር ይችላል፤ ያ የኮሶ ዘር እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ይውጠዋል፤ ከዓመታት በኋላ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ እባጭ ሆኖ ይገኛል። ደኅና አድርጎ መቀቀልና በሐኪም ምክር በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት ይህን ያስቀረዋል።

ምግቡን ካስተካከሉ በኋላ ታገሡ። አዲስ ፀጉር በቅሎ ለውጡን ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ውሮ ወዟ የተመለሰው ሰኔ ላይ ነው።

ድመቴ ፀጉር ታስመልሳለች። ያሳስባል?

የድመት ምላስ ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን እሾሆች አሉት። ራሷን ስትልስ የያዘችውን ፀጉር መትፋት ስለማትችል ትውጠዋለች። አብዛኛው ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል፤ የተረፈው ሆዷ ውስጥ ይጠቀለልና አንዳንዴ እንደ ጣት ረዝሞ በማስመለስ ይወጣል። አልፎ አልፎ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ማበጠሩን ይጨምሩ።

አንገቷን ዘርግታ ደጋግማ እየሞከረች ምንም ካልወጣላት፣ ካልበላች፣ ዓይነ ምድር ካልወጣት፣ ሆዷ ከጠጠረ አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ድመት ሁለት ቀን ሳትበላ መዋሏ ብቻውን ጉበቷን ይጎዳል። ምንም ሳይወጣ የሚደጋገም ነገር ደግሞ ሳል፣ ምናልባትም የድመት አስም ሊሆን ይችላል። በስልክ ቀርጸው ለሐኪሙ ያሳዩት፤ ክሊኒክ ስትደርስ አታሳይምና።

የድመት ፀጉር አስም ያመጣል ይባላል። እውነት ነው?

ብዙ እናቶች በጭንቀት ይጠይቁኛል። ፀጉሩ ራሱ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አስም አይሆንም። አለርጂ ያለበትን ሰው የሚያስነጥሰው በድመቷ ምራቅና በቆዳዋ ዕጢዎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና ከፎረፎሯ ጋር በአየር ይበተናል። ስለዚህ አስም ያለበት ልጅ ካለና ድመቷ ባለችበት ጊዜ የሚብስበት ከሆነ ስጋቱ እውነት ነው፤ የልጁን ሐኪም ያማክሩ። መኝታ ቤት አትግባ፣ ማበጠሩ ውጭ ይሁን፣ የሚያበጥረው ያ ልጅ አይሁን። የማያስነጥስ ልጅ ባለበት ቤት ግን ድመቷን በወሬ ብቻ ማባረር ተገቢ አይደለም።

ነፍሰ ጡሮችን የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስም ከፀጉር አይመጣም። የሚወጣው በዓይነ ምድሯ ነው፤ ከወጣ በኋላም ለመተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ በሌላ ሰው ከተጸዳ ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎም የዚሁ በሽታ መንገዶች ናቸው፤ ድመቷን አስወጥቶ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ቤት አይቻለሁ።

ነጠላዬና ሶፋዬ በፀጉር ተሞሉ። እንዴት ላጽዳ?

ነጠላን ሳያራግፉ ውሃ ውስጥ አይንከሩ። የረጠበ ፀጉር በድርና በማጉ መካከል ገብቶ ይጣበቃል። በደረቁ ፀሐይ ላይ አስጥተው ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፍ ይዘው ያራግፉት፣ ቀጥሎ ይጠብ። ጥለቱ ላይ የሚጣበቅ ፕላስተር አይጠቀሙ፣ ክሩን ይመዘዋል፤ በእጅ ይልቀሙት። የቡቺ ጥቁር ፀጉር እሑድ ማለዳ ነጠላዬ ላይ ሲገኝ የነበረውን ችግር የፈታልኝ ግን መዝጊያ ያለው ሳጥን ነው።

ለሶፋና ለምንጣፍ የእቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት አርጥበው ወደ አንድ አቅጣጫ ያሻሹ፤ ፀጉሩ እየተጠቀለለ ይሰበሰባል። ወለል በደረቁ መጥረግ ፀጉሩን ወደ አየር ያነሳዋል። እናቶቻችን ውሃ ረጨት አድርገው የሚጠርጉት በምክንያት ነው፤ ለሴራሚክ ወለል ደግሞ እርጥብ ጨርቅ። ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ያረጀ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይስጡት። የራሱ ሲሆን እዚያው ይተኛል፣ ብዙው ፀጉር እዚያው ይቀራል፣ የሚታጠበውም ያ አንዱ ይሆናል።

ውሻዬ ከወለደች በኋላ ፀጉሯ አለቀ። የተለመደ ነው?

አዎ። ከወለዱ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ብዙ እናት ውሾች ፀጉራቸው ይረግፋል፤ ስታጠባ በደንብ ከበላች ይመለሳል። ቡችሎችም ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የቡችላነት ፀጉራቸውን ይቀይራሉ።

ውጭ ሀገር ነው የምንኖረው። ምን ይለየናል?

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ከሆኑ ወቅቱ በእርግጥ አለ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም እስከ ኅዳር። በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ ማበጠር ነው። በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ ፎረፎር ይጨምራል። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ውሻው ቀኑን አየር ማቀዝቀዣ ሥር ስለሚውል ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል። እዚያ ሰዎች በሙቀቱ አዝነውለት ሊላጩት ይሞክራሉ፤ ከመላጨት ይልቅ ሽርሽሩን ወደ ንጋትና ወደ ማታ ማዛወር ይጠቅመዋል።

ውሻዬ አርጅቷል። አሁንም ማበጠር ያስፈልገዋል?

ከበፊቱ ይልቅ። ያረጀ ውሻ ወገቡን ዞሮ መላስ ያቅተዋል፣ ፀጉሩ ኋላው ላይ ይቋጠራል። ማበጠሪያውን ለስላሳ ያድርጉት፣ ጎኑ ላይ ተኝቶ ይበጠር፣ መገጣጠሚያው ላይ አይጫኑ። ሌላኛውን እጅዎን ሁልጊዜ ከማበጠሪያው ኋላ ያስከትሉ። ባለፈው ታኅሣሥ ቡቺን ሳበጥር ቀኝ ጎኑ ላይ፣ ከሦስተኛው የጎድን አጥንት በታች፣ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ጣቴ ሥር ተንከባለለች። ከላይ ሲታይ ምንም አልነበረም፣ ፀጉሩም አልረገፈም። በሳምንቱ ሐኪሙ አወጣት። ቦታው ላይ የተላጨው ፀጉር አሁን በቅሏል፤ ከሌላው ትንሽ ነጣ ይላል።